የነብር ተክል፦ ከአሸንዳው ሥር ላለችው እርጥብ ጥግ

ቤታችን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በግድግዳውና በጎረቤት አጥር መካከል፣ የአሸንዳው ውሃ የሚወርድባት አንዲት ጥግ አለች። ፀሐይ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ጎብኝታት ትሄዳለች፤ የቀረውን ቀን ጥላ ነው። በዚያች ጥግ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሣር ዘራሁ፤ ሻገተ። ቃሪያ ተከልኩ፤ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። ጤና አዳም አስቀመጥኩ፤ ፀሐይና ደረቅ መሬት የለመደ ተክል ነውና በሁለት ሳምንት ሥሩ በሰበሰ።

ቦታዋን መጨረሻ ላይ ያቀናት የነብር ተክል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ችግኞች ግን የገደልኳቸው እኔው ነኝ። ሐምሌ ላይ ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝተው አገኛቸዋለሁ፤ ቱቦውን አንሥቼ አጠጣለሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት የጎረቤት እናት በአጥሩ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ከረሙ። አንድ ቀን ገብተው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ጭቃ ነው። ምን ብለህ ነው ደግሞ የምታጠጣው?»

«ጠውልጎ ነዋ፣ እማማ።»

«እስቲ ማታ እየው» ብለውኝ ሄዱ።

ማታ ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለእነዚያ ሁለቱ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ሳብ ሳደርጋቸው አንገታቸው ላይ ተበጥሰው እጄ ላይ ቀሩ፤ ሥራቸው ጠቁሮ ሟሙቷል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው። ወራቱን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ክረምት ስል ግን የዝናቡን ሳይሆን የአሜሪካውን የበረዶ ወቅት ማለቴ ነው፤ በጋ ስልም ደረቁን ሳይሆን ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚመጣውን የሙቀት ወቅት፣ ጸደይ ስል ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ ቅጠል የሚወጣበትን ጊዜ ነው።

ተክሉን ማወቅ

የነብር ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ፋርፉጊየም ጃፖኒከም ይባላል። የትውልድ አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ቻይናና ታይዋን ሲሆን፣ እዚያ በጅረት ዳርና በባሕር ዳርቻ ቋጥኞች መካከል በቅሎ ይገኛል። ውሃ አጠገቡ አለ፤ ሥሩ ላይ ግን አይተኛም። የአተካከሉ ምሥጢር በሙሉ ከዚህ ይመነጫል። ጃፓኖች ጹዋቡኪ ይሉታል፤ ሺማኔ በተባለው ግዛት ያለችው የጹዋኖ ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተክል እንደሆነ ይነገራል። ባለ ነጠብጣቡን ዓይነት በ1850ዎቹ ከቻይና ወደ እንግሊዝ የላከው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ፎርቹን ነው፤ የቻይናን የሻይ ችግኝ ወደ ሕንድ በማሻገሩ የሚታወቀው ሰው ማለት ነው።

ዘመዶቹን እናውቃቸዋለን። አደይ አበባ፣ ኑግ፣ ሱፍና ግራዋ ከእርሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በአበባው ጊዜ ዝምድናው ግልጽ ብሎ ይታያል፤ ቅጠሉን ብቻ ያየ ሰው ግን አይጠረጥርም። ቅጠሉ ክብ ሆኖ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት በኩል እንደ ኩላሊት ገባ ያለ፣ እንደ ቆዳ ወፍራም፣ በሰም እንደተወለወለ የሚያበራ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይደርሳል። እያንዳንዱ ቅጠል ከመሬት በቀጥታ በሚወጣ ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ተክሉ በጠቅላላው 60 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከመሬት በታች ደግሞ እንደ ዝንጅብል ወደ ጎን የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው፤ ብርድ ቅጠሉን ቢወስደው መልሶ የሚያበቅለው ይህ ነው።

ስትገዙ የሚያሳስቱ ስሞች

ችግኝ መሸጫ ሄደው «የነብር ተክል» ብለው ቢጠይቁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሰጡዎት ይችላሉ። አንዱ ፋርፉጊየም ነው። ሁለተኛው የቅርብ ዘመዱ ሊጉላሪያ ነው፤ ፋርፉጊየም ራሱ ቀድሞ በሊጉላሪያ ስም ይጠራ ስለነበር ብዙ ነጋዴ ዛሬም አይለያቸውም። ሦስተኛው ዶሮኒከም ሲሆን፣ በጸደይ ቢጫ የሚያብብ ሌላ ተክል ነው፤ እርሱን ይለፉት።

ሁለቱን ዘመዳሞች መለየት ግን ገንዘብ ያድናል። ፋርፉጊየም ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ፣ ሙቀት የሚችል፣ በመከር የሚያብብ ነው። ሊጉላሪያ ክረምት ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ሞቶ በጸደይ እንደገና ይወጣል፤ የሚያብበው በበጋ ነው፤ ከባድ ውርጭ ይችላል፤ ሞቃት ሌሊት ግን ያደክመዋል። ለውሃም ከፋርፉጊየም ይበልጥ ይታገሣል፤ ኩሬ ዳር የሚተከለው እርሱ ነው።

ስለዚህ የሚኖሩበትን አገር ይመልከቱ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሩን በክረምቱ ብርድ መጠን በቁጥር ከፋፍሎታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርዱ ይበረታል። ፋርፉጊየም ከ7 እስከ 10 ባለው ክልል ይኖራል፤ ዋሽንግተንና አካባቢው፣ አትላንታ፣ ሂዩስተን በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ሚኒያፖሊስ ላለ ሰው ፋርፉጊየም ውጪ መትከል ገንዘብ በረዶ ላይ መጣል ነው፤ እስከ ክልል 4 ድረስ የሚዘልቀውን ሊጉላሪያ ዴንታታን ይያዝ። የሲያትል ሰው ዕድለኛ ነው፤ በጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁለቱም ይሆኑለታል።

ከፋርፉጊየም ዓይነቶች ስሙን ያሰጠው ኦሪዮማኩላተም የሚባለው ነው፤ ጥቁር አረንጓዴው ቅጠል ላይ ቢጫ ክብ ነጠብጣቦች በዘፈቀደ ተረጭተውበታል። የቀለም ብሩሽ አንዱ ያራገፈበት ይመስላል። ጂጋንቴየም ነጠብጣብ የለውም፤ ቅጠሉ ግን እንደ ትሪ ይሰፋል። ክሪስፓተም ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተጨማደደ ነው። አርጀንቴየም ነጭ የተቀላቀለበት ሲሆን ከሁሉም ይልቅ ለፀሐይ ስስ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ኦሪዮማኩላተምን ወይም ጂጋንቴየምን ነው። ነጩ ያምራል፤ ግን ዕድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ በአንድ ቀን የቀትር ፀሐይም ጠርዙ ይቃጠላል።

አንደኛ፦ ቦታውን በውሃ መፈተን

ይህን ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ብዙ ነው። እኔም ዘልዬው ነበር።

«እርጥብ ቦታ» የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሃ የሚያልፍበትና ርጥበቱ የሚቀርበት ነው፤ የተጨመቀ ስፖንጅ ማለት ነው። ሌላው ውሃው የሚተኛበት ነው፤ ያ ገንዳ ነው። የነብር ተክል የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ከላይ ሲታዩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጋ ጫማ ይቆሽሻል።

ለመለየት፣ ከባድ ዝናብ ከዘነበ ከሦስት አራት ቀን በኋላ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀትና ያንኑ ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። በውሃ ይሙሉትና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ይጠብቁ። ይህ የመጀመሪያው ውሃ አፈሩን ለማጥገብ ነው፤ አይቆጠርም። እንደገና ይሙሉትና አንድ እንጨት ተክለው የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት እንደወረደ ይለኩ።

ከ2.5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ከወረደ ቦታው የተመቸ ነው፤ አያስቡ። ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ከወረደ አፈሩ ውሃ አይዝም፤ ኮምፖስት በብዛት ካልገባበት በጋ ላይ የቧንቧ ባሪያ ይሆናሉ። ከ2.5 በታች ከሆነ መደቡን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በማግሥቱም ውሃው እዚያው ካለ ግን ፋርፉጊየምን እዚያ አይትከሉ። የእኔዋ ጥግ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረደው አንድ ጣት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ሁለቱ ችግኞች ለምን እንደሞቱ የገባኝም ያን ቀን ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ጫፍ ላይ ሁለት ሜትር ማራዘሚያ ገጥሜ ውሃውን ወደ ሣሩ መራሁት፤ ለተክሉ ደግሞ ከፍ ያለ መደብ ሠራሁለት። ርጥበቱ ከበቂ በላይ ቀርቷል።

ፀሐይንም አብረው ይፈትኑ። ጠዋት ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል የሚቆይ ለስላሳ ፀሐይ ይጠቅማል፤ የአበባውንም ቁጥር ይጨምራል። ጎጂው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የሚመጣው ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ቤት ይዋሉና ጥላው የት እንደሚወድቅ በየሁለት ሰዓቱ ይዩ። በመጋቢት የታየ ጥላ አያስተማምንም፤ ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፣ የፀሐይዋም መንገድ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፦ አፈሩን ማዘጋጀት

አሜሪካ ውስጥ ከሆኑ ዶማ ከማንሣትዎ በፊት ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀን አስቀድመው 811 ይደውሉ። በነፃ ነው፤ የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመር ከመሬትዎ በታች የት እንደሚያልፍ መጥተው በቀለም ያመለክታሉ። ቤት ግድግዳ ሥር የሚቆፍር ሰው ይህን ቸል ሊል አይገባም።

በዚህ አካባቢ ያለው አፈር በአብዛኛው ቀይ ሸክላማ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለመቆፈር ጊዜ ይምረጡ። አንድ ዕፍኝ አፈር ጨብጠው ሲለቁት ፍርክስክስ ካለ ይቆፍሩ። ድቡልቡል ሆኖ ካበራ ይተዉት፤ እርጥብ ሸክላማ አፈር ላይ መቆምና መቆፈር አየሩን አስወጥቶ እንደ ጡብ ያደርቀዋል።

ከዚያ መደቡን ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያላሉና ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከላይ አልብሰው ያቀላቅሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ሊፍግሮ የሚባለው፣ ከየቤቱ ከተሰበሰበ ቅጠልና ሣር የሚሠራው ኮምፖስት በየመደብሩ ይገኛል፤ እኔ የምጠቀመው እርሱን ነው። የአፈሩ አሲድነት ብዙ አያስጨንቅም፤ ትንሽ ወደ አሲድ ያዘነበለ ወይም መካከለኛ አፈር ይስማማዋል።

ሁለት ነገር አያድርጉ። ውሃ እንዲያሳልፍ ብለው ሸክላማ አፈር ላይ አሸዋ አይጨምሩ፤ ትንሽ አሸዋ የጡብ ጭቃ ከመሥራት በስተቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። የቡና አተላንም እንዳለ አይድፉበት። እኛ ቤት ጀበና በቀን ሁለቴ ስለሚጣድ አተላው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ተክሉ ዙሪያ አለብሰው ነበር። ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራና ውሃውን ከላይ ያንሸራትተዋል። አሁን ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅዬ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ እዚያ ይበስላል።

ሦስተኛ፦ መትከል

በዋሽንግተን አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ ብዙውን ጊዜ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ያልፋል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለመትከል የተሻለው ነው፤ ሙቀቱ ሳይመጣ ሥሩ ይይዛል። በመስከረምም መትከል ይቻላል፤ ክረምቱ ከባድ ከሆነ ግን ገና ሥር ያልሰደደው ችግኝ ይጎዳል። በሐምሌ በቅናሽ የሚሸጥ ችግኝ ቢያዩ ይለፉት፤ ካላስቻለዎት ገዝተው እስከ መስከረም በመትከያው እንዳለ ጥላ ውስጥ ያቆዩት።

ከመትከልዎ በፊት ችግኙን ከነመትከያው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ያውጡት። ጉድጓዱ ከመትከያው ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከመትከያው አይብለጥ። ሥሩ ክብ ሠርቶ ተጠምጥሞ ከሆነ በጣትዎ ያላሉት።

አሁን ቁም ነገሩ መጣ። ቅጠሎቹ ሁሉ የሚነሡበት ቦታ የተክሉ አንገት ነው። ይህ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ወይም አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከተቀበረ ይበሰብሳል። አፈሩ ውሃ ከጠጣ በኋላ እንደሚሟሽሽ አስበው ገና ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት ይሻላል። እኔ ጉድጓዱ ላይ የመጥረጊያ እንጨት አጋድሜ አንገቱን ከእንጨቱ ጋር አስተያያለሁ። ከዚያ አፈሩን መልሰው በእጅዎ ጫን ጫን ያድርጉት፤ በእግር አይርገጡት። አራት አምስት ሊትር ውሃ በዝግታ ያፍስሱበት።

በተክልና በተክል መካከል 60 ሴንቲሜትር ይተዉ፤ ለጂጋንቴየም 90። በመጀመሪያው ዓመት መደቡ ባዶ ይመስላል፤ ዕድገቱ ዝግ ያለ ነውና ተጨማሪ እያመጡ አያጣብቡት። ክፍተቱን በፈርን ወይም በሆስታ ቢሞሉት ያምራል፤ ሁለቱም ጥላና ርጥበት ወዳዶች ናቸው።

በመጨረሻ ጉዝጓዝ ያልብሱ። ለበዓል ቄጠማ እንደምንጎዘጉዝ ሁሉ፣ የተከተፈ ቅጠል ወይም የዛፍ ቅርፊት 5 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት አድርገው ይዘርጉ። ከአንገቱ ግን አራት ጣት ያርቁት።

አራተኛ፦ ማጠጣት፣ ወይም አለማጠጣት

ቅጠሉ ሰፊ ነው። ቀትር ላይ ከቅጠሉ የሚተንነው ውሃ ሥሩ ከሚልከው ይበልጣል፤ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እርጥብ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ተክሉ ቅጠሉን ያወርዳል። ወደ ታች የተንጠለጠለ ቅጠል ለፀሐይ የሚሰጠው ገጽ ያንሳል፤ ሲመሽ ሒሳቡ ይስተካከልና ይቆማል። ሊጉላሪያ ይህን የሚያደርገው ይብሳል፤ አንዳንድ ቀን የሞተ ይመስላል።

ስለዚህ በቀትር ምንም ውሳኔ አይወስኑ። የሚታየው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትነካው ነው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል፣ አፈሩ ውስጥ ይስደዱ። ቅጠሉ ጠዋትም ተኝቶ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቶታልና በደንብ ያጠጡ። ቅጠሉ ቆሞ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ቡናዎን ይጠጡ። ቅጠሉ ጠዋትም ተኝቶ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ያን ዕለት ነቅለው ያውጡት። አፈሩም ክፉ ሽታ ይኖረዋል። ጥቁርና ለስላሳ የሆነውን ሁሉ በንጹሕ ቢላዋ ይቁረጡ፤ ነጭና ጠንካራ ክፍል ከተረፈ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር ይትከሉት፤ ካልተረፈ ይጣሉት።

አዲስ የተተከለውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት በየሦስት ቀኑ ያጠጡ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከዝናቡ ጋር ተደምሮ 2.5 ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል። ይህ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት 25 ሊትር፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሩብ ነው። ዝናቡን ለመለካት ባዶ የቱና ቆርቆሮ መደቡ ላይ ያስቀምጡ። አንዴ በደንብ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል፤ ጠዋትና ከሥር ይሁን። ማታ ቅጠል ማርጠብ ለሚቀጥሉት እንግዶች ድግስ መደገስ ነው።

ቀንድ አውጣ

እርጥብ፣ ጥላማ፣ ጉዝጓዝ የለበሰ መደብ ለቀንድ አውጣ ገነት ነው፤ በተለይ ዛጎል ለሌለው ዓይነት። ጠዋት ቅጠሉ ላይ ያልተስተካከሉ ቀዳዳዎችና የደረቀ ምራቅ የመሰለ የሚያብረቀርቅ መስመር ካዩ እርሱ ነው። ወፍራሙን የበሰለ ቅጠል ብዙም አይደፍረውም፤ በሚያዝያ ገና ተጠቅልሎ የሚወጣውን ለጋ ቅጠል ነው የሚበሳው። ያ ቅጠል ሲዘረጋ ቀዳዳው አብሮ ይሰፋል፤ ዓመቱን ሙሉም ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚህ ትግሉ የሚያዝያ ትግል ነው።

ሰዎች ቢራ በሳህን ያስቀምጣሉ። የሚስባቸው የእርሾው ሽታ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቢራ መግዛት አያስፈልገንም። ሊጡ ላይ የሚጠልለውን እርሾ ጥልቀት ባለው የእርጎ ዕቃ ውስጥ ጨምሬ፣ ጠርዙን ከመሬት አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ቀበርኩት፤ በመጀመሪያው ሌሊት አሥራ አንድ ገብተው አገኘሁ። ጠርዙ ከፍ የሚለው ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳት ተንሸራተው እንዳይገቡ ነው። በየሁለት ቀኑ መቀየር አለበት፤ ሽታው ለጎረቤትም ይደርሳል። ሌላው ዘዴ ማታ ጣውላ መሬት ላይ አጋድሞ ጠዋት ከሥሩ የተሰበሰቡትን መልቀም ነው።

መድኃኒት ከገዙ አይረን ፎስፌት ያለበትን ይምረጡ። ሜታልዴሃይድ የተባለውን ውሻ ወይም ድመት ያለበት ቤት አያስገቡ፤ ይመርዛቸዋል።

ማዳበሪያ፣ ጽዳትና መልኩን የሚቀይር ነብር

ማዳበሪያ ላይ አይድከሙ። በየጸደዩ ሁለት ጣት ውፍረት ኮምፖስት ዙሪያውን ማልበስ ይበቃል። ያረጀ ወይም ቢጫ የሆነ ቅጠል ሲያዩ ዘንጉን ከሥሩ ይቁረጡ።

ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ሲባል ሰምተናል። ይህኛው ነብር ግን ይለውጣል። ከባለ ነጠብጣቡ ተክል አንዳንዴ ምንም ነጠብጣብ የሌለው ሙሉ አረንጓዴ ቡቃያ ይወጣል። አረንጓዴው ጉልበታም ስለሆነ ዝም ከተባለ ዥንጉርጉሩን ውጦ ያስቀረዋል። እንዳዩት ቡቃያውን ከተነሣበት ከመሬት በታች ካለው ግንድ ጋር ቆርጠው ያውጡ። በዚሁ ምክንያት ዘሩንም ለማባዛት አይቁጠሩበት፤ ከዥንጉርጉር እናት ዘር የሚበቅለው እናቱን አይመስልም።

ክረምቱን ማሳለፍ

በመጠነኛ ክረምት ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል። ከባድ ውርጭ ሲመጣ ግን ይጠቁርና መሬት ላይ ይተኛል። ተስፋ አይቁረጡ፤ አይቁረጡትም። የሞተው ቅጠል ለአንገቱ ብርድ ልብስ ነው። ኅዳር ላይ ከዛፍ የረገፈውን ቅጠል በሣር ማጨጃ ከትፈው ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያልብሱት፤ ሳይከተፍ ከተጫነ ውሃ ይዞ እንደ ካርቶን ይጣበቅና አንገቱን ያፍነዋል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ገለጥ ያድርጉት፤ የጠቆረውንም ያኔ ይቁረጡ። አዲሱ ቅጠል በሐር ጸጉር ተሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጨብጦ ብቅ ይላል።

በክረምት ቅዝቃዜው ብቻውን ከሚገድለው በላይ ቅዝቃዜና የተኛ ውሃ ተባብረው የሚገድሉት ይበዛል። ከእግረኛ መንገድ የተዛቀ፣ ጨው የተነሰነሰበት በረዶም መደቡ ላይ እንዳይደፋ ለልጆቹ ይንገሩ። እኔ ዘግይቼ ነው የነገርኳቸው፤ አንዱ ተክል ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ከረመ።

አፓርታማ ለሚኖር

በመትከያ ጥሩ ሆኖ ያድጋል። ከታች ቀዳዳ ያለው፣ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መትከያ ይምረጡ፤ የከተማ አፈር ቆፍረው አይሙሉት፣ ለመትከያ የተዘጋጀ አፈር ይግዙ። ከታች የሚቀመጠው ሳህን ላይ ውሃ አይተዉ። በክረምት ሥሩን ከመሬት ይልቅ ብርዱ ቶሎ ስለሚያገኘው ወደ በረንዳው ግድግዳ ያስጠጉት ወይም ወደማይሞቅ ጋራዥ ያስገቡት።

እንደ ጎመን አይታይ

ሰፊ አረንጓዴ ቅጠል ያየች እንግዳ «ይህ ይበላል?» ብላ ጠይቃኛለች። አይበላም። በደቡብ ጃፓን ዘንጉን ልጠው፣ ቀቅለውና ዘፍዝፈው የሚበሉ ሰዎች አሉ። ተክሉ ውስጥ ግን ጉበትን የሚጎዱ አልካሎይዶች አሉ፤ እኛ ቤት ድስት ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም። ለትንንሽ ልጆችም ይንገሯቸው።

መከፋፈልና አበባው

ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ተክሉ ሲሰፋ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ መከፋፈል ይቻላል። ዙሪያውን በአካፋ ቆርጠው ከነአፈሩ ያንሡት፤ አፈሩን አራግፈው ከመሬት በታች የሚሄደውን ግንድ በስለታም ቢላዋ ይቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ቡቃያና የራሱ ሥር ይኑረው። ቅጠሉን በግማሽ ይቀንሱለት፤ ሥሩ የተቆረጠ ተክል ያንን ሁሉ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልም። ወዲያው ይትከሉት፤ በዚያው ዓመት ባያብብ አይቀየሙት።

አበባው የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲያበቃ ነው። እዚህ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አደይ አገር ቤት ተሰናብታ ሄዳ፣ የአሜሪካ ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉ፣ ከቅጠሉ መካከል 60 ሴንቲሜትር ያህል የሚረዝም ዘንግ ይወጣና ጫፉ ላይ ቢጫ አበባዎች ይሰበሰባሉ። ከባድ ውርጭ ካልቀደመው እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆያል። ለማስቀመጫ ከፈለጉ ማታ ውርጭ እንደሚመጣ የአየር ትንበያው ሲናገር ከሰዓት በኋላ ይቁረጡት፤ በማግሥቱ የሚያገኙት የደረቀ ነው። ባለፈው ጥቅምት አምስት ዘንግ ቆርጬ ለእኒያ የጎረቤት እናት ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። «አደይ ይመስላል» አሉ፤ ከዚያ ዘንጉን በጣታቸው ጫን አደረጉና «ቆርጠህ ውሃ ውስጥ አላስገባኸውም? ዕቃ አምጣ እንጂ፣ እየደረቀ ነው» አሉኝ።